እህሉን ያልቀመሰ አፍ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደ ሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። መምህራችን ለእኛ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች “የሰማችሁትን ተዉት፤ ያያችሁትን ጻፉ” ሲሉን፣ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ወዲያው ብዕሯን አነሣች። ከኋላዬ ያለው ተማሪ በጠላት ዘመን ከአርበኞች ጋር ዋሻ ውስጥ የከረመ ነው፤ የሚጽፈው ሞልቶታል። እኔ የማውቀው ግን አሥራ ሁለት ዓይነ ስውር ሰዎች አንድ ደጃፍ ላይ መቀመጣቸውን ነው። ጥይት አልተኮሱም፤ ድልድይ አላፈረሱም። አንዲት ወረቀት እምቢ አሉ፤ ይኸው ነው። ከክፍሉ በዕድሜ ትልቋ እኔ ስለሆንሁ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር ይጠበቅብኝ ይሆናል። ሦስት ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ ግን እኔ ካልጻፍሁት የሚጽፈው እንደሌለ ገባኝ፤ በዚያ ማኅበር ውስጥ ፊደል ማየት የምችል እኔ ብቻ ነበርሁ።

የማንንም ስም አልጽፍም። ምክንያቱን ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

አባቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ዲያቆን ነበር። አግብቶ መሬቱን እያረሰ ሳለ ክተት ታወጀና ወደ ሰሜን ዘመተ። በ1928 ዓ.ም. ክረምት ሲመለስ አምስት ሆነው አንድ ረጅም ዱላ በሰልፍ ይዘው ነበር። ከፊት የሚመራው አንድ ዓይኑ የተረፈለት ጓደኛቸው ነው። እናቴ ከሩቅ ስታያቸው እንጨት ተሸክመው የሚመጡ መስሏት ነበር።

አብረውት የመጡት የሆነውን ነገሩን። አውሮፕላኑ የዚያን ቀን ቦምብ አልጣለም፤ ካፊያ የመሰለ ነገር ረጭቶ አለፈ። “ጣሊያን ጥይት ጨርሶ ውሃ ጀመረ” ብለው የሳቁም ነበሩ። ሲመሽ ቆዳቸው ተላጠ፤ ዓይናቸው አብጦ ተዘጋ፤ የብዙዎቹ ዳግመኛ አልተከፈተም። አባቴ ግን በዚያ ጨዋታ ላይ አይገባም ነበር። የመጨረሻ ያየው ነገር ምን እንደ ሆነ እናቴ ስትጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ምስክር ቃሉን የሚሰጠው ዳኛ ፊት ነው፤ በየጠላው ቤት የተበተነ ቃል ዳኛ ፊት ሲደርስ አይከብድም ይል ነበር። ዳኛ እንደሚቀመጥ ደግሞ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

በመጣ በሁለተኛው ሳምንት የደብሩ አለቃ አዝነውለት፣ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ከየኔ ቢጤዎቹ ጋር ቦታ እንዲሰጠው አዘዙ። አባቴ እጅ ነሥቶ አመሰገነና አልቀመጥም አለ። የሄደው ወታደር ሆኖ ነው፤ የተመለሰውም ወታደር ሆኖ ነው። ለማኝ የሚያደርገው ሰው ካለ ዓይኑን የወሰደው ሰው ነው፤ ለእሱ ደግሞ ያን ደስታ አይሰጠውም።

ማኅበሩ የተጀመረው ከዚህ ነው። ጣሊያን ሰው ተሰብስቦ ማየት ባይወድም ጽዋ አልከለከለም ነበር። አባቴና አንድ አማኑኤል አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ ወታደር ተማክረው፣ ከዚያው ጦርነት ዓይናቸውን አጥተው የመጡትን ፈለጉ። ከእኛ አካባቢ፣ ከአማኑኤልና ከደምበጫ አሥራ ሁለት ሆኑ። ወር በገባ በ13 የሩፋኤልን ጽዋ በየተራ ያነሣሉ። ሩፋኤልን የመረጡት የጦቢትን ዓይን ስላበራ ነው። የማኅበር አለቃ በእኛ አገር ሙሴ ይባላል፤ ሙሴው እኒያ የአማኑኤሉ ሽማግሌ ሆኑ። “ሩፋኤል ጦቢትን የፈወሰው በዓሣ ሐሞት ነው” ይሉ ነበር ጽዋውን ተቀብለው። “ዓሣው ያለው ዓባይ ውስጥ ነው፤ የዓባይን መሻገሪያ ደግሞ ጣሊያን ይዞታል። እንግዲህ እስኪለቅ ድረስ በጠላ እንታከም።”

ሥራው ግን ጠላ መጠጣት አልነበረም። ዓይነ ስውር ሰው ማረስ አይችልምና መሬቱን ዘመድ ይቀራመተዋል። ደምበጫ አካባቢ የአንዱን ማኅበርተኛ ማሳ የአጎቱ ልጅ አርሶ ዘርቶበት ተገኘ። አሥራ ሁለቱም በማለዳ ሄደው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዝም አሉ። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ጠላና ዳቦ አስወጣ። የነካው የለም። የማኅበሩ ሕግ ይህ ነበር፤ የከሰሱትን ሰው እህል አይቀምሱም። እህሉን ከበሉ በኋላ መክሰስ ነውር ነው፤ የበላ አፍ ዳኛ ፊት አይከፈትም። በሁለተኛው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ በዚያ በኩል ማለፍ አፈረ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው መሬቱን ከነቡቃያው መለሰ። ከዚያ ወዲያ “አሥራ ሁለቱ ሊመጡ ነው” መባሉ ብቻ ብዙ ነገር ያስተካክል ነበር።

እኔ ፊደል የለየሁት ከአባቴ ነው። እሱ ዳዊቱን በቃሉ ሲደግም፣ እኔ መጽሐፉን ዘርግቼ በጣቴ እከተለዋለሁ፤ ስሳሳት በጆሮው ያውቀኛል። በአሥራ አራት ዓመቴ የማኅበሩን መዝገብ እኔ እጽፍ ነበር። የማን ማሳ አልታረሰም፣ ለማን ጎጆ ክዳን ያስፈልጋል፣ ደቦው በየትኛው ቀን ይሁን፤ ይህን ሁሉ አማኑኤልና ደምበጫ በእግሬ እየሄድሁ ጠይቄ እጽፋለሁ። ሴት ልጅ ትጽፋለች ብሎ የሚጠረጥር ስላልነበር መንገድ ላይ ማንም አይፈትሸኝም። ሰዎቹ በመዝገቡ የተጻፉት ግን በክርስትና ስማቸው ብቻ ነው። ጸሎት የሚደርሰው በዚያ ነውና ማኅበር ሌላ ስም አያውቅም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በ1931 ዓ.ም. ክረምት እህል አለቀ። ሐምሌ ላይ ለጣሊያኑ ሹም የሚሠራ አስተርጓሚ ከገበያ ስመለስ አግኝቶኝ፣ የአባቴን ጤና ጠየቀና መንግሥት ለዓይነ ስውራን ስንዴ ሊሰጥ ስላሰበ የሰዎቹን ዝርዝር አባቴ በደብተራ አስጽፎ ቢልክለት ጥሩ መሆኑን ነገረኝ። ከደምበጫ በተመለስሁ ማግሥት ነበር። እዚያ አንዱ ማኅበርተኛ ለልጆቹ ጎመን ብቻ ቀቅሎ ሲያበላ አይቻለሁ። ለአባቴ ብነግረው እንደሚከለክለኝ አውቅ ነበር። ስለዚህ አልነገርሁትም። ከመዝገቡ አሥራ ሁለቱን ስም በጥሩ ጽሕፈት ገልብጬ፣ ሳልሰርዝ ሳልደልዝ ሰጠሁት። እንደሚያመሰግኑኝ ነበር ያሰብሁት።

ነሐሴ 10 ቀን ስንዴው በጆንያ በበቅሎ ተጭኖ ቤታችን ደረሰ፤ የማኅበሩ ዕቃ የሚቀመጠው እኛ ዘንድ ነበርና። ለአባቴ አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ለነፍሱ የላከው ነው አልሁት። ዋሸሁ። የኛን ድርሻ ከፍቼ ፈጨሁና ለቡሄ ዋዜማ ሙልሙል ጋገርሁ። አባቴ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጾሙን በዚያ ፈታ፤ ብዙ ጊዜ ሲበላ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሆያ ሆዬ እያሉ ለመጡትም ሁሉ ሰጠን። እኔ ብቻ አልቀመስሁም። ፍልሰታ እስኪፈታ ከጓሯችን ሽምብራ በቀር ምንም ላልቀምስ ተስዬ ነበር።

በማግሥቱ 13 ነበርና ማኅበሩ በኛ ቤት ተሰበሰበ። ጽዋው ገና ሳይዞር አስተርጓሚው መጣ። ተቀመጥ ሳይባል ተቀመጠና ስንዴው እንደ ደረሰ ጠየቀ፤ የመንግሥት ቸርነት መሆኑን ተናገረ። ከዚያ በአማርኛ የታተመ ወረቀት አወጣ። በሚመጣው የገበያ ቀን ከአዲስ አበባ ትልቅ ሹም ፎቶግራፍ አንሺ ይዞ ይመጣል፤ አሥራ ሁለቱ በሕዝብ ፊት በዚህ ላይ አውራ ጣታቸውን ያትማሉ። ወረቀቱን ለሙሴው ሰጥቶ ወጣ።

ሙሴው ወረቀቱን በአየር ላይ ዘረጉልኝ። “አንብቢው።”

አነበብሁት። ዓይናችን የጠፋው በፈንጣጣና በዓይን በሽታ ነው፤ ከሰማይ መርዝ ወረደ የሚባለው የሐሰተኞች ወሬ ነው፤ ለተደረገልን ምጽዋት እናመሰግናለን ይላል። ካነበብሁ በኋላ ዝርዝሩን የሰጠሁት እኔ መሆኔን፣ ነጋዴ የሚባል ሰው እንዳልነበረ፣ ሁሉንም ተናገርሁ። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

“ከስንዴው የቀመሰ አለ?” አሉ ሙሴው።

“እኔ” አለ አባቴ።

“ምን ያህል?”

“ሙልሙል ነበር። ሁለት በላሁ።”

“የሠፈሩ ልጅም ሁሉ በልቷል በለኛ። ዲያቆኑ፣ አንተ ሳታውቅ ነው የበላኸው። ሳያውቅ ጾም የገደፈ ሰው ንስሐው ቀላል ነው።”

“ጾሙ ለእግዚአብሔር ነው፤ እሱ ይቅር ይለኛል” አለ አባቴ። “ይኼ ግን የሰው እህል ነው። ሆዴ ውስጥ ገብቷል። የደምበጫውን ሰው ዳቦ ስንመልስ ምን ብለን ነበር? ለዘመድ የሠራ ሕግ ለጣሊያን አይፈርስም። እንግዲህ እኔ እስክመልስ ድረስ አፌ ተዘግቷል።”

ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ለሦስት ዓመት ለዳኛ ሲያስቀምጠው የነበረውን ቃል በሁለት ሙልሙል ዘጋሁበት። መሬት ላይ ተደፍቼ ይቅርታ ለመንሁት። ራሴን ዳሰሰኝና “አንቺ ቀምሰሻል?” አለኝ። አልቀመስሁም አልሁ፤ ስለቴን ነገርሁት። ሙሴው ሳቁ፤ ያን ቀን የሳቀ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

“እግዜር ይስጥሽ፤ ከዚህ ቤት አንድ ያልበላ አፍ ተርፏል” አሉ። “እንግዲያው ጣት ከማተም የየራሳችንን ቃል በገበያው እናሰማለን፤ የምታነቢ አንቺ ነሽ።”

ትርጉሙ ግልጽ ነበር። እስከዚያ ቀን ጣሊያኖቹ የማኅበሩ ጸሐፊ ደብተራ መስሏቸው ነበር። በገበያ ካነበብሁ ግን መሸሸጊያዬ ያበቃል። እናቴ ማልቀስ ጀመረች። አባቴ ግን አልከለከለም፤ አልፈቀደምም። አፉ ተዘግቷልና ፍርዱም የእኔ እንደ ሆነ ነገረኝ። አነባለሁ አልሁ። ድፍረት አልነበረም፤ ያበላሸሁትን ማስተካከያ ሌላ መንገድ ስላላገኘሁ ነው።

የዚያን ዕለት አሥራ አንዱ ተራ በተራ የመጨረሻ ያዩትን ነገር በመዝገቡ ላይ አጻፉኝ። ለአሥራ ሁለተኛው ባዶ መስመር ተውሁ።

በገበያው ቀን በማለዳ አሥራ ሁለቱም በሹሙ ቢሮ ደጃፍ ተቀመጡ፤ አባቴም በመጨረሻው ጫፍ ነበረ። ጆንያዎቹን ደረጃው ሥር አስደረደርን። የኛው ብቻ ጎድሎ አፉ ተሰፍቷል። ገበያተኛው ያን አቀማመጥ ያውቀዋልና ቀስ በቀስ ዙሪያውን ሞላ። ሹሞቹ ሲወጡ የሚረግጡት አጡ። አስተርጓሚው ነገሩን ሊያሳምር ፈልጎ የኔን ዝርዝር አወጣና ስም መጥራት ጀመረ። አንድ ጠራ። ዝም። ሁለተኛውን ጠራ። ዝም። በክርስትና ስም እየጠራ ነው፤ ያ ስም ደግሞ የገበያው እኩሌታ ስም ነው። አንዲት ሸክላ ሻጭ “ባሌን ነው? እሱስ ቤት ነው የተኛው” ብትል ሰዉ ሳቀ።

“እነዚህ የት አሉ?” ብሎ ሙሴውን ጠየቃቸው።

“እነሱን የሚያውቃቸው ቄስና እግዚአብሔር ነው” አሉ ሙሴው። “ቄሱን አትጠይቀው፤ አይነግርህም። የቀረውን አንተ እወቅበት።”

ስም የማልጽፈው ለዚህ ነው። በክርስትና ስም ብቻ የመጻፍ ልማዳችን በኋላ አሥሩን አዳናቸው፤ ያንን ዝርዝር ይዘው አማኑኤልና ደምበጫ ቢዞሩም አንድም ሰው አላገኙበትም። እኔም ልማዱን አላፈርስም።

ፎቶግራፍ አንሺው መሣሪያውን ባለሦስት እግሩ ላይ አቆመ። ሙሴው ድምፁን ሰምተው በየት በኩል እንደ ቆመ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። በዱላቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ መቱ፤ አሥራ ሁለቱም በተቀመጡበት ዞረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ። ፎቶግራፉን አነሣው ይሆናል፤ ካነሣው ያለው የአሥራ ሁለት ሰው ጀርባ ነው።

ከዚያ ሙሴው “አንብቢ” አሉኝ።

መዝገቡን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ። አንዱ የመጨረሻ ያየው የበቅሎውን ጆሮ ነው፤ ጠል የመሰለ ነገር ነበረበት። አንዱ ወንድሙ ከወንዝ ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ ነው ያየው፤ አትጠጣ ሊለው ሲል ወንድሙ ቀና አላለም። የሙሴው ቃል አጭር ነበር፤ “እኔ ያየሁት አውሮፕላኑን ነው። ፈንጣጣ ክንፍ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።” ሰዉ ሊስቅ ጀመረና ተወው። አሥራ አንዱን ከጨረስሁ በኋላ እንዲህ ብዬ አነበብሁ፤ “አሥራ ሁለተኛው ሰው ሳያውቅ እህላችሁን ስለ በላ አይናገርም። መልሶ ሲጨርስ ይናገራል።”

አስተርጓሚው አልተረጎመም። ሹሙ ትከሻውን ይዞ ሲነቀንቀው አየሁ። ወታደሮቹ ደረጃውን ሲወርዱ፣ ያቺ ሸክላ ሻጭ እንስራ ጀርባዬ ላይ ጫነችና “ሂጂ፣ አትሩጪ” አለችኝ። ሴቶቹ መሐል ገብቼ፣ ውሃ እንደምትቀዳ ሴት ቀስ ብዬ ከገበያው ወጣሁ። በዚያው መንገድ ቀጥዬ መርጡለ ማርያም አክስቴ ቤት ገባሁ።

የደጃፉን ሰልፍ ገበያተኛው አተረማመሰውና አሥሩ ከአህያ ነጂዎች ጋር ተቀላቅለው አመለጡ። ሙሴውንና አባቴን ግን የሚያውቋቸው ነበሩና ታሰሩ። ጣታቸውን ይዘው በግድ ሊያሳትሟቸው ሞክረው ነበር። ሙሴው በኋላ ሲያወሩ፣ በጉልበት የታተመ ጣት የጣሊያን ጣት ነው ብለው አስረድተዋቸዋል አሉ። አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል ተለቀቁ። ማኅበሩ ተከለከለ። ቢሆንም በየወሩ በ13፣ የሠርክ ደወል ሲደወል፣ አሥራ ሁለቱም በየቤታቸው አንድ አንድ ኩባያ ውሃ ይጠጡ ነበር፤ እኔም መርጡለ ማርያም ሆኜ እጠጣ ነበር። ሙሴው ከእስር ቤት ይዘውት በወጡት ሳል፣ ጣሊያን ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው አረፉ። የዚያን ወር ኩባያቸውን ባለቤታቸው ጠጡላቸው።

ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ መውጣቱ በተሰማ ጊዜ ለቤቴ ጉዞ ተነሣሁ። ለፋሲካ ደረስሁ። በማግሥቱ 13 ነበር። አባቴ በጧት ተነሥቶ አንድ ስልቻ ስንዴ በጀርባው ተሸከመ። ከራሱ ማሳ የታጨደ ነው፤ ከእስር ከወጣ ጀምሮ ለዘርም ለምግብም ሳይነካው አስቀምጦት ነበር። ልሸከምልህ ብለው እምቢ አለኝ። ወደ ሹሙ ቢሮ መራሁት። በሩ ተገንጥሏል፤ ወረቀት ደረጃው ላይ ተበትኗል። ከአርበኞቹ አንዱ ጠመንጃውን ደግፎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር።

“አባት፣ ማንን ነው? እዚህ እኮ ማንም የለም” አለው።

“እኔ አለሁ” አለ አባቴ።

ደፉን በዱላው ፈልጎ አገኘና ስንዴውን እላዩ ላይ አፈሰሰው። ስልቻውን አራገፈ፤ አንዲት ፍሬ እንዳትቀር ውስጡን በእጁ ዳሰሰ። ርግቦች ወዲያው ወረዱ።

“አሁን አፌ የራሴ ነው” አለ። “መዝገቡን ይዘሻል?”

ይዤው ነበር። ግን ዳኛው የታል አልሁት።

“ይመጣል። እስኪመጣ አንቺ ያዢልኝ።”

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ባዶውን መስመር አወጣሁ፤ እሱ እየነገረኝ ጻፍሁ። አውሮፕላኑ በመጣበት ቀን ዳዊቱን ከፍቶ ይደግም ነበር። ካፊያው በገጹ ላይ አረፈ። ቀለሙ እንዳይበላሽ ብሎ ጠብታውን በጣቱ ጠረገ። የሚቀጥለው መስመር ደብዘዝ አለበትና በዚያው ጣት ዓይኑን አሸ። የመጨረሻ ያየው ፊደል ነው።

ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ፊደል እንዳልገደፍሁ ሲያውቅ ቀኑን እንድጽፍበት አዘዘኝ፤ ጻፍሁ፦ ሚያዝያ 13 ቀን 1933 ዓ.ም.